የሥራ ሰዓት ይቀነስልኝ ማለት ይቻላል? ለአንባቢዎች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማስተርስ ስለጀመርኩ ግማሽ ቀን ብቻ ለመሥራት ማመልከት እፈልጋለሁ። አንድ ባልደረባዬ «ሰዓት ሲቀነስ ደመወዝ አይነካም የሚል አንቀጽ አለ» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አንቀጹ አለ፤ የእርስዎን ጉዳይ ግን አይመለከትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ከደነገገ በኋላ፣ በአንቀጽ 62 ላይ ልዩ የሥራ ሁኔታ ላለባቸው ዘርፎች የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በመመሪያ ሰዓቱን ሊቀንስ እንደሚችልና ይህም ደመወዝ እንደማያስቀንስ ይገልጻል። ሠራተኛው በግል ምክንያቱ ሰዓት እንዲቀነስለት ሲጠይቅ አሠሪው የግድ እንዲቀበል የሚያዝዝ ድንጋጌ ግን በአዋጁ ውስጥ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የኅብረት ስምምነቱን (ሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙትን) እና የሥራ ደንቡን ይመልከቱ፤ እዚያ ካልተገኘ የሚቀረው መንገድ ስምምነት ብቻ ነው።

አሠሪዎ ከፈቀደልዎ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የመግቢያና የመውጫ ሰዓቱ፣ አዲሱ ደመወዝና ወደ ሙሉ ሰዓት የሚመለሱበት ሁኔታ በጽሑፍ ሰፍሮ ሁለታችሁም ልትፈርሙበት ይገባል። የአለቃ የቃል ፈቃድ አለቃው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ነገር አለ፦ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ስለሆነ፣ የሚገባው ሠራተኛ በግማሽ ደመወዝ ላይ ሳለ ውሉ ቢቋረጥ የረጅም ዘመን አገልግሎቱ ሳይቀር በዚያው ይመነዘራል። የጡረታ መዋጮውም እንዲሁ ከደመወዙ ጋር ዝቅ ይላል።

ጥያቄ፦ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምሠራ ነፍሰ ጡር ነኝ። ሰዓት እንዲቀነስልኝ ብጠይቅ ተቆጣጣሪዬ «ከጓደኞችሽ በምን ትለያለሽ?» አለኝ።

መልስ፦ በሕግ ይለያሉ። ሰዓት የማስቀነስ መብት በቀጥታ ባይሰጥዎትም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ወይም በትርፍ ሰዓት ሊያሠሩዎት አይችሉም። ለእርግዝና ምርመራ የሚሄዱበት ጊዜ ደመወዝ ይከፈልበታል፤ ሐኪም ዕረፍት ካዘዘልዎትም እንዲሁ። የሐኪሙን ማስረጃ ለተቆጣጣሪው በእጅ ከመስጠት ይልቅ ለሰው ሀብት ክፍሉ ያስገቡና በቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ፊርማ እንዲያኖርበት ያድርጉ። የ30 ቀን ቅድመ ወሊድና የ90 ቀን ድኅረ ወሊድ ፈቃድዎ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሳልጠይቅ ድርጅቱ «ሥራ ቀዝቅዟል» ብሎ ሰዓቴንም ደመወዜንም በግማሽ ቀነሰ።

መልስ፦ በውል የተወሰነ ደመወዝ በአንድ ወገን ውሳኔ አይቀነስም። ተቃውሞዎን ዛሬ ነገ ሳይሉ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይደረጋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ልጄን ለማሳደግ ሰዓት ማስቀነስ እችላለሁ?

መልስ፦ የጀርመን ሕግ ለእርስዎ የተሻለ ነው። ከ15 በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ከ6 ወር በላይ ከሠሩ፣ ቅነሳው እንዲጀምር ከሚፈልጉበት ቀን ቢያንስ 3 ወር አስቀድመው በጽሑፍ ያመልክቱ። አሠሪው ሊከለክል የሚችለው ከድርጅቱ አሠራር የመነጨ ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ቀኑ አንድ ወር እስኪቀረው በጽሑፍ እምቢ ካላለ ግን ሰዓቱ እንደጠየቁት ይቀነሳል። ወደ ሙሉ ሰዓት መመለስ ከፈለጉ ከ1 እስከ 5 ዓመት ብቻ የሚቆየውን ቅነሳ ይጠይቁ፤ ይህኛው ከ45 በላይ ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ብቻ ይሠራል። የእርስዎ ድርጅት ከዚያ ያነሰ ከሆነ የመመለሻው ቀን በስምምነቱ ውስጥ ሳይጻፍ አይፈርሙ።