«ጮርቃ ነህ» ለተባለው ልጅ

አንድ ወጣት፣ አለቃው ስብሰባ መሀል «አንተ ገና ጮርቃ ነህ» እንዳለውና ስድብ ይሁን ምክር እንዳልለየለት ጻፈልኝ።

ልጄ፣ ለጋ ቢልህ ኖሮ ባልከፋ ነበር፤ ለጋ የሚልህ ሰው ይሳሳልሃል። እንጭጭ ገና ከአበባው የተላቀቀ ነው። ጮርቃ ግን ቅርጹን ይዞ፣ ከሩቅ የደረሰ መስሎ፣ ውስጡ ያልጠና ነው። ፖለቲከኞቻችን «ጮርቃው ዴሞክራሲያችን» ሲሉ ሰምተህ ይሆናል፤ እነሱ እንኳ ለማመካኛ ነው የሚፈልጉት።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። አመሻሽ ላይ አቅራቢዎች እሸት ቡና በጆንያ ያስገባሉ። ቡና አንድ ቅርንጫፍ ላይ እኩል አይቀላም፤ ቀዩና አረንጓዴው ጎን ለጎን ነው፤ ለቃሚ እየተመላለሰ ቀዩን ካልመረጠ ሁሉም አብሮ ይገፈፋል። አንድ ማታ እጄን ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኔ ሰድጄ ሳወጣ፣ ከላይ ቀይ የነበረው ከሥሩ አረንጓዴ ነው። አረንጓዴው ጠጣር ስለሆነ መፈልፈያው በቅጡ አይልጠውም። ቢደርቅም ሲቆላ ገርጥቶ ይቀራል፤ ስኒው ውስጥ ኦቾሎኒ ኦቾሎኒ ይላል። ይህን ለኃላፊው ብነግረው፣ ሚዛኑ አጠገብ እንደቆመ «እዚህ ካለው ሁሉ ጮርቃው አንተ ነህ!» አለኝ። ሰው ሳቀ። ሚዛን ያዡም ሳቀ፤ ደግ ሰው ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ከቆሎው ያካፍለኝ ነበር። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቡናው ገባ።

ከዚያ ወዲያ ስንት ነገር አይቼ ዋጥ አደረግኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሳቄ ነው።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ሆድ ይብሳችኋል፤ በተመረቃችሁ በወሩ በሳል ካልተባላችሁ ታኮርፋላችሁ። በአንድ ቃል ዓመታት ዝም ያለ ሰው ይህን ለማለት አፍ የለውም፤ ቢሆንም ብዬዋለሁ። አንብቡ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን ሌላ ሰው ይንገራችሁ።

አንተ ግን አለቃህ ቢሮ ግባና «ያልበሰለው የቱ ሥራዬ ነው?» በለው። ነጥሎ ካሳየህ አመስግነህ አርም። የሚያሳይህ ካጣ፣ ስብሰባው ላይ ያነሳኸውን ነገር ቀን ጽፈህበት በደብዳቤ አስገባ፤ ግልባጩን አንተ ጋ አስቀር።