መልስ፦ ስልጠና ወስጄ ሰው ፊት ስቀመጥ ግን ቃል ይጠፋኛል ላልሽው

እህቴ፣ ማገገሚያ ማዕከል ሥራ ጀምረሽ ከሚጠጣ ሰው ጋር ስትቀመጪ ምን እንደምትይ ግራ እንደገባሽ ጽፈሻል። ስላይድ በማየት ሰው ማናገር አይለመድም።

ከባልደረቦችሽ ጋር ትወና ሞክሩ። አንዱ ታካሚ፣ አንዱ አጋዥ፣ ሦስተኛው ታዛቢ ይሁን። መጀመሪያ ያሳቅቃል፣ ግድ የለም። «ለምን አታቆምም?» ከማለት «መጠጡ ምን ይሰጥሃል? ምንስ ወሰደብህ?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ዝም በይ። ከባዱ እሱ ነው።

ለንባብ የዓለም ጤና ድርጅት የኤምኤችጋፕ መመሪያ አለ። የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው፤ አልኮልንና ሌሎች ሱሶችንም ይዟል።

አንድ ነገር ግን እስኪሰለችሽ ተለማመጂ። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን መቃዠት ሊመጣ ይችላል። ያኔ ምክር የለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ጫት ያቆመውን ግን በአብዛኛው የሚይዘው ድብርት፣ ድካምና ክፉ ህልም ነው።

ቤተሰቡ ጸበል እንውሰደው ካሉሽ አትከራከሪ። መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ አደራ በያቸው።