ርካሽ ትኬት ያመጣው መዘዝ

«ተማሪ ሳላችሁ ከጓደኛ ጋር ውጭ አገር ሄዳችሁ የተናደዳችሁበት ቅዳሜና እሁድ አለ?» ላልከው፣ የኔ ፓሪስ ናት። አራት ሆነን ሄድን። ትኬቱ ርካሽ ስለነበር ካርታ ያየ የለም። ያረፍነው ለካ ቦቬ የሚባል አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። (ትኬት ስትቆርጥ የከተማውን ስም ብቻ አትመን።) አርብ ማታችንን የአውቶቡስ ሰልፍ በላው።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ዝናብ። የአንዷ ጫማ ውሃ እያስገባ በየደረስንበት ካልሲዋን ትጨምቃለች። ሉቭር ሙዚየም አስቀድመን ቦታ ስላልያዝን የመስታወቱን ፒራሚድ ከውጭ አይተን ተመለስን።

ከዝናቡ በላይ ያስከፋኝ ግን ኩርፊያው ነው። ሁለቱ መተኛት፣ እኛ መዞር ፈለግን፤ ደፍሮ የተናገረ ግን የለም። እሁድ አራታችንም ስልካችን ላይ አቀርቅረን ተመለስን። ካልሲው እስከዚያም አልደረቀም።