ቡስተሩን ፍታውና መጀመሪያ ይሄን አንብብ

ከሐረማያ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሻይ ቤት ውስጥ የመኪና ቴፕ ገጥመህ የድሬን ኤፍኤም ስትከፍት "ሰ" እና "ሽ" ላይ ድምፁ ይቧጭራል፣ ሰው በበሩ ሲገባ ደግሞ ድንገት ይጠራል፣ ቡስተር (የሲግናል ማጉያ) ባስገጥም ባሰበት ብለሃል። አቦ "ሰ" ስትል ነው የነቃሁት። የሲግናል ማነስ ቢሆን ሁሉም ቃል ላይ እኩል ሽሽሽ ይል ነበር፣ "ሰ" ላይ ሲቧጭር ግን ሁለት ሲግናል እየተጋጨብህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኤፍኤም እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ቆላው ውስጥ ናት፣ አንተ 2000 አካባቢ ከደንገጎ ተራራ ጀርባ ነህ። ስለዚህ አንዱ የተራራውን ጫፍ ታኮ ደክሞ ይመጣል፣ ሌላው ከጎን ያለ ጋራ ወይ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ነጥሮ ቅንጣት ዘግይቶ ይደርሳል። 100 ሜጋኸርዝ ላይ የሞገዱ ርዝመት 3 ሜትር ነው፣ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ስትል አንዴ ይደጋገፋሉ አንዴ ይጠፋፋሉ፣ በበሩ የገባው ደንበኛህም ሳያውቀው አንዱን ጋርዶልህ ነው። ቡስተር ታዲያ ሁለቱንም ነው የሚያጎላው!

መፍትሄው ጣሪያ ላይ የሚዞር አንቴና ራስህ መስራት ነው፣ ግን ከመውጣትህ በፊት የመብራት መስመሩን እይ። የአንቴናው ቱቦ ቢወድቅ እንኳን ሽቦው ጋ የማይደርስበት ቦታ ምረጥ።

የአንቴናውን ርዝመት ለማግኘት 143ን ለጣቢያው ቁጥር (ሜጋኸርዙ) አካፍል፣ 100 ከሆነ 1.43 ሜትር፣ ለሁለት ቆርጠህ እያንዳንዱን 71 ሴንቲ አድርግ፣ የአሉሚኒየም ቱቦ ደረቅ ጣውላ ላይ በአንድ መስመር እሰር፣ ጫፎቹ መሃል ላይ አይነካኩ። የዲሽ ኬብሉን የመሃል ሽቦ ለአንዱ፣ የውጪውን መረብ ለሌላው በብሎን አጥብቅ። በፎቶው የላክልኝን ነጭ ኬብል ግን ጣለው፣ መረቡ አስር ክር አይሞላም፣ የቀጠለው ሰውዬ ደግሞ ጠምዝዞ ናስትሮ አልብሶ ሄዷል፣ ውሃ ገብቶበት አረንጓዴ ሆኗል። ለዚህ ብር መቀበል!

ከቆርቆሮው ቢያንስ ሜትር ተኩል ከፍ አድርገው። አንድ ሰው ቴፑ ጋ ይቁምና ቀስ ብለህ አዙር፣ አንቴናው በጫፉ በኩል ብዙም አይሰማም፣ ያ ጫፍ ወደሚነጥርበት ጋራ ሲዞር "ሰ"ው ይጠራል። በቁመትም ሞክረው።

በፎቶው ቀኝ ጥግ የሚታየው የመብራት ሽቦ ነው አይደል? ወደዛ ጥግ ቱቦ ይዘህ እንዳትሄድ፣ ደመና ካለ ደግሞ ጭራሽ አትውጣ።