ስለ ዶውሮ ቀይ ወይን ጠይቁኝ

ዛሬ ማታ ስለ ፖርቱጋል ቀይ ወይን፣ በተለይ ስለ ዶውሮው፣ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር፦ ወይኑን ሞቆ አትጠጡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ "የዶውሮ" ሲባል የቆየ ወይን ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ዶውሮ ወንዝ ነው። ከስፔን ተነስቶ፣ ሰሜን ፖርቱጋልን አቋርጦ፣ ፖርቶ ከተማ ላይ ውቅያኖስ ይገባል። ወይኑ የሚመጣው ከዚህ ወንዝ ሸለቆ ነው።

ጥያቄ፦ አንዴ ቀምሼው ድዴ ሁሉ ደረቀ። ለምንድን ነው እንዲህ የሚከብደው?

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ሸለቆው በበጋ እሳት ነው። መሬቱ ሺስት የሚባል፣ በስሱ እየተሰነጠቀ የሚነሳ ድንጋይ ነው። የወይኑ ሥር ውሃ ፍለጋ በስንጥቁ ወደ ታች ይወርዳል። ስመ ጥሩው ዝርያ ቱሪጋ ናሲዮናል ደግሞ ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም ነው። ቀለሙ በብዛት ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ ታኒን የሚባለው አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገርም ልጣጩ ላይ አለ። ድድህን ያደረቀው ታኒኑ ነው። ቅጠሉ በዝቶበት የቆየ ሻይ ስትጠጣ እንደሚሰማህ ማለት ነው። ታኒን ምራቅህ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል፤ አፍህ ይደርቃል። ሥጋ ስትበላበት ግን የሚጣበቅበት ሌላ ፕሮቲን ያገኛል። ስቡና ጨውም ያለዝቡታል። አንተ ምናልባት በባዶ አፍህ ነው የጠጣኸው። ያንኑ ወይን ከበግ ጥብስ ጋር ድገመው፤ ሌላ ወይን ይመስልሃል።

ጥያቄ፦ ጥሩ ወይን የቱ ነው?

መልስ፦ ከምን ጋር ልትጠጣው? በስንት ብር? ለይተህ ጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ነው የሚጠጣው ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ያ ምክር ቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛ በነበረበት ዘመን የተነገረ ነው። ዛሬ ማሞቂያ ያለበት አፓርታማ 22 እና 23 ዲግሪ ይደርሳል። የዶውሮ ወይን አልኮሉ ብዙ ጊዜ 14 ከመቶ አካባቢ ነው። ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል፣ የአበባ ሽታው ይጠፋል። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ በቂ ነው። ፍሪጅ ውስጥ 20 ደቂቃ አስገቡት።

ጥያቄ፦ እዚያው አገር ከምን ጋር ይበሉታል?

መልስ፦ በሰሜን ምሥራቅ ፖስታ ሚራንዴዛ አለ። ሚራንዴዛ ከሚባል የከብት ዝርያ የተቆረጠ ወፍራም ሥጋ፣ ደረቅ ጨው ተነስንሶበት ፍም ላይ ይጠበሳል። የፋሲካ ግልገል ፍየልም በምድጃ ይጠብሳሉ። ሁለቱም ስብ፣ ጨውና የእሳት ጠረን አላቸው። ወይኑ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ ከዶሮ ወጥ ጋርስ?

መልስ፦ አይሆንም። በርበሬው፣ አልኮሉና ታኒኑ ተደራርበው አፍ ያቃጥላሉ።

ሌላ አባል፦ እኔ ለገና ጠጥቼው በጣም ነው የተስማማኝ።

ሌላ አባል፦ ዶሮ ወጥ ከጠጅ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?

ለገና የጠጣው አባል፦ ጠጁ ጣፋጭ ነው፣ ምግቡን ይሸፍነዋል።

መልስ፦ በርበሬ የሚያበርደው እኮ ያ ጣፋጩ ነው! የጠጁን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት። አበሻ ምግብ ከፈለጋችሁ ሚጥሚጣ የሌለበት የበግ ጥብስ፣ በሥጋ መጥበሻ ቅጠል። ክትፎም ይሄዳል፤ ቅቤው ታኒኑን ያለዝባል፤ ሚጥሚጣውን ግን ቀንሱ።

ጥያቄ፦ ፖርት ወይን ከዚህ በምን ይለያል?

መልስ፦ ሸለቆው አንድ ነው። ፖርት እየፈላ፣ ማለትም ስኳሩ ወደ አልኮል እየተቀየረ ሳለ ጠንካራ የወይን አልኮል ይጨመርበታል። መፍላቱ ስለሚቆም ስኳሩ ይቀራል። የዶውሮ ወሰን በ1756 እ.ኤ.አ. በፖርቱጋሉ ሚኒስትር በማርኬስ ደ ፖምባል ዘመን የተከለለው ለእሱ ነው። ደረቁ፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነው ቀይ ስም ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ባርካ ቬልያ የሚባለው መጀመሪያ የተሠራው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ ማስገባት ይቻላል ወይ?

መልስ፦ ከላይ ተናግሬአለሁ። 20 ደቂቃ። እባካችሁ እያነበባችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ በግ አርዳለሁ፣ የ3 ዓመት ጠርሙስ አለኝ። እንዴት ላቅምሳቸው?

መልስ፦ ሥጋው ከመቅረቡ ከ1 ሰዓት በፊት ሰፊ ጆግ ውስጥ ገልብጪው፤ አየር ያግኝ። ብርጭቆውን ከሲሶ በላይ አትሙዪ። መጀመሪያ ሁሉም በባዶ አፉ አንድ ጊዜ ይጎንጭ። ከዚያ ስብ ያለበት የጎድን ጥብስ ቀምሶ እንደገና ይጎንጭ። ልዩነቱን አንቺ አትንገሪያቸው፤ ራሳቸው ይናገሩ። ጆጉንም ከምድጃው አርቂው፣ እንዳይሞቅ።