ለባለቤቴ የገዛሁት ሪቮልቨር እጇን ያሳምማታል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንድ አንባቢ ለባለቤቱ አጭርና ቀላል፣ አምስት ጎራሽ የ.38 ስፔሻል (የጥይቱ ዓይነት ነው) ሪቮልቨር፣ ማለትም ባለ ከበሮ ሽጉጥ፣ ሁለተኛ እጅ ገዝቶላታል። አሥር ጥይት ያህል ስትተኩስ የአውራ ጣቷ ሥር ያብጣል። ቀኝ እጅ ናት፤ ጥይቱ ግን ወደ ግራና ወደ ታች ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ቃታው ይሳብና “ቀጭ” ብሎ ይቀራል፣ ጥይቱ አይተኩስም። “ጣቷ አቅም የለውም መሰለኝ። ትንሽ ጥይት በሚጎርሰው በ.22 ልቀይርላት?” ይላል።

ቆይ ወንድሜ፣ ገና አትቀይር። በጣቷም አትፍረድ።

እኔ የጠረጠርኩት እጀታውን ነው። የአውራ ጣት ሥር የሚያብጠው ብዙ ጊዜ ሽጉጡ ከክንድ ጋር ቀጥ ብሎ ሳይያዝ ሲቀር ነው። ጣቷ ቃታው ጋ አልደርስ ሲላት እጇን ወደ ጎን ታዞራለች። ያኔ ሽጉጡ ሲተኮስ ወደኋላ የሚመጣው ምት ክንዷ ላይ መበተኑ ቀርቶ አውራ ጣቷ መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። ቃታውንም በጣቷ ጫፍ ብቻ ስለምትስብ አፈሙዙን ወደ ግራ ትገፋዋለች። እብጠቱም ወደ ግራ መሄዱም እዚህ ላይ ይገጥማል።

እንዲህ አድርገህ አረጋግጥ። መጀመሪያ ሽጉጡን ባዶ አድርግ። ከበሮውን፣ ጥይት የሚጎርሰውን ተሽከርካሪ ብረት፣ ክፈት፤ አምስቱንም ቀዳዳ በዓይንህ እይ፣ በትንሿ ጣትህ ዳስስ። ጥይቱን ካላችሁበት የቤት ክፍል አውጥተህ ሌላ የቤት ክፍል አስቀምጥ። ከዚያ ለእሷ ስጣት፤ እሷም ራሷ ከፍታ ትይ። አፈሙዙን ሰው በማይኖርበት አቅጣጫ፣ ከክንዷ አጥንት ጋር ቀጥ አድርጋ ትያዘው። እጇን ሳታዞር ጣቷ ቃታው ላይ የት ደረሰ? ከጣቷ አሻራ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ባለው ቦታ ካረፈ ልኳ ነው። ጫፉ ብቻ ከነካ እጀታው ወፍሮባታል።

ሁለተኛ እጅ ስለሆነ አንድ ሰው ወፍራም ላስቲክ እጀታ አልብሶት ይሆናል። እነዚህ ርካሽ ላስቲኮች ስንቱን ሽጉጥ አበላሹት! የእጀታውን የጀርባ ብረት ጭምር ስለሚሸፍኑ ቃታውን ከእጅ ያርቁታል። አንዲት ብሎን ፈትተህ አውጣውና የጀርባውን ብረት ክፍት የሚተው ቀጭን እጀታ ግጠምለት። መዳፏን ትንሽ ይበልጥ ይቆነጥጣታል፣ አልዋሽህም። አውራ ጣቷ ግን ይተርፋል።

አሁን ወደ “ቀጭ” እንምጣ። ያልተኮሰውን ጥይት ቂጥ ከተኮሰው ቀለህ ቂጥ ጋር አስተያየው። ጠባሳው ጎድጎድ ካላለ የመዶሻው፣ ጥይቱን የሚመታው ብረት፣ ምት ደክሟል ማለት ነው። ቃታው እንዲለሰልስ ብሎ አንዱ የመዶሻውን ሞላ በፒንሳ ቆርጦታል ብዬ እገምታለሁ። በጣም የማውቀው በሽታ ነው። ሞላ ሲቆረጥ ቃታው ይቀልልሃል፣ ጥይቱም አይተኩስልህም። የፋብሪካውን ሞላ ገዝተህ ቀይር። የተቆረጠውን ለጥጦ መመለስ የሚባል ነገር የለም። የጎኑን ክዳን ስትከፍት የብሎኑን ጥርስ በልክ የሚሞላ ካቻቢቴ ተጠቀም። ክዳኑን በካቻቢቴ አትፈልቅቀው፤ ብሎኖቹን ፈትተህ የሽጉጡን አካል በእንጨት እጀታ ቀስ እያልክ ምታው፣ ራሱ ይነሳል። ከመክፈትህ በፊት ከበሮው ባዶ መሆኑን እንደገና እይ። አሁን አይቼዋለሁ አትበል፣ እንደገና እይ።

ተኩስ ቦታ ላይ “ቀጭ” ብሎ ሲቀር ቃታውን ደግማ እንዳትስብ ንገራት። ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት አለ። ሪቮልቨር ላይ ቃታው ሲደገም ከበሮው ይዞራል፤ ያ ጥይት ከአፈሙዙ ቀዳዳ ውጪ ሆኖ ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዘች 30 ሰከንድ ትጠብቅ፣ ከዚያ ትክፈት።

ስለ ክብደት ደግሞ ላውራ፣ ይቺን ካላወራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰው ሁሉ ለሴት ሲገዛ “ቀላል ይሁንላት” ይላል። ቀላል ሽጉጥ ለመሸከም ነው የሚቀለው። የ.38 ስፔሻል የተለመደ ጥይት እርሳሱ 10 ግራም ገደማ ነው። ከአጭር አፈሙዝ በሰከንድ ወደ 230 ሜትር ይወጣል። እርሳሱ ወደፊት ሲሄድ ሽጉጡ ወደኋላ መምጣቱ አይቀርም፤ በምን ፍጥነት እንደሚመጣ የሚወስነው ክብደቱ ነው። የጋዙን ግፊት ትተን ብናሰላው እንኳ፣ 400 ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ሽጉጥ በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ ወደ መዳፏ ይመጣል። 1 ኪሎ የሚመዝን የብረት ሽጉጥ 2.3 ሜትር ነው። እጇ የሚቀበለው ጉልበት በሁለት እጥፍ ተኩል ይለያያል፣ ያውም በአንድ ዓይነት ጥይት። ቃታውንም አስበው። መዶሻው በእጅ ሳይነሳ በቃታ ብቻ ሲተኮስ ብዙዎቹ 5 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይጠይቃሉ። 400 ግራም ነገር ይዘህ 5 ኪሎ ስትስብ ነገርየው ባለበት ይቆማል? ይንቀጠቀጣል እንጂ። ከባዱ ሽጉጥ ግን ራሱን ይይዛል። አፈሙዙ ከእጇ በላይ ያለው ከፍታም አለ። እጇ ወደ ላይ ጠጋ ብሎ እጀታውን በያዘ ቁጥር አፈሙዙ ሽቅብ መዝለሉ ይቀንሳል። ዝቅ ብላ ከያዘችው ራሷ ሽቅብ የሚያዘልለው ማንሻ ሠራችለት ማለት ነው።

ስለዚህ እጀታው ተቀይሮም ካልተስማማት፣ መካከለኛ አካል ያለው፣ አፈሙዙ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ሪቮልቨር ትሞክር። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 10 ዓይነት። ቤት የሚቀመጥ ከሆነ ክብደቱ ምን ቸገራት? ሁለት ሦስት ዓይነት ተውሳ ትተኩስ፣ ራሷ ትምረጥ። አንተ አጠገቧ ቆመህ አስተያየት አትስጥ።

.22ን በተመለከተ፣ ርግጫው የለም ማለት ይቻላል፤ ለልምምድ ግሩም ነው። ቃታው ይቀላል ብለህ ግን አትግዛ። የ.22 ጥይት የሚመታው ጠርዙ ላይ ስለሆነ ጠንካራ ምት ይፈልጋል፤ ትናንሾቹ ላይ ቃታው እንዲያውም ይብሳል። የ.357 ማግነም፣ ከ.38 የበረታ ጥይት የሚተኩስ፣ ሪቮልቨር ብትገዛ .38 ስፔሻል ይተኩስልሃል። የ.357 ቀለህ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ግልባጩ አይሆንም። ብዙ .38 ከተኮሰችበት ቀዳዳዎቹ ውስጥ የጥላሸት ቀለበት ይሠራል፣ በብሩሽ አውጣው። ቀላሉ ሽጉጥ ላይ ግን ማግነም አታስባት፤ ሁለተኛ አትነካውም።

ሁለተኛ እጅ ስትገዛ ባዶነቱን በዓይንህና በጣትህ አረጋግጥ፣ ቃታውን ስበህ ያዝና ከበሮውን ነቅንቀው። በጣም ከተወዛወዘ ለሻጩ መልስለት።

መጨረሻ ላይ የምትሞክሩት አንድ ነገር አለ። የመለማመጃ ባዶ ጥይት፣ ባሩድም ማቀጣጠያም የሌለው፣ ግዛ። እዚያው ተኩስ ቦታ፣ አፈሙዙ ወደ ዒላማው ሆኖ፣ ሦስት እውነተኛና ሁለት ባዶ ቀላቅለህ አንተ ጉረስላት፤ ቅደም ተከተሉን እንዳታይ። ባዶው ላይ አፈሙዙ ወደ ታች ከሰመጠ፣ ምቱን ፈርታ አስቀድማ እየገፋችው ነው። እጇ መታመም ሲጀምር አቁሙ፤ አሥር ጥይት ሳይሞላም ቢሆን። ቤት ስትለማመድ ግን ባዶ ጥይት ብቻ፣ ከበሮው ታይቶና ተዳስሶ፣ እውነተኛው ጥይት ሌላ ክፍል ተቆልፎበት።