ለቱሉ ዲምቱዋ እናት፦ ቀለበቱን ሳታዪ ልጅሽን እንዳታስሪ

የሁለት ወር ሴት ልጅ ይዘሽ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደምትኖሪ ጽፈሻል። የሰፈርሽ ልብስ ሰፊ ባለቀለበት የልጅ ማዘያ፣ ጨርቁ በሁለት ቀለበት ውስጥ አልፎ የሚጠብቀውን፣ በርካሽ እሰፋልሻለሁ ብሎሻል። «ላሰፋ ወይስ ዝግጁውን ልግዛ?» ነው ጥያቄሽ። እህቴ፣ እኔ ኮዬ ፈጬ ነኝ፣ እኔም አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም፣ ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሕፃን ጋሪ ይዞ መውረድ የማይታሰብ ነው። ሁለት ልጆች በማዘያ አሳድጌያለሁ። እኔ ላይ የደረሰው አንቺ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የማስረዝመው።

1ኛ፦ ቀለበቱ። ለመጀመሪያ ልጄ ልክ አንቺ ያሰብሽውን አደረግሁ። መርካቶ ሄጄ ጠንካራ የጥጥ ጨርቅ ገዛሁ። የመጋረጃ ዕቃ ከሚሸጡት ደግሞ ሁለት የብረት ቀለበት ጨመርኩ። ልብስ ሰፊው በግማሽ ቀን ጨረሰልኝ። ያምር ነበር። ጎረቤቶቼ ሁሉ «ከየት ገዛሽው?» አሉኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ልጄን ደረቴ ላይ አስሬ፣ በቀኝ እጄ ባዶ ጀሪካን ይዤ ስወርድ፣ ሁለተኛ ፎቅ ጋ ስደርስ ጨርቁ በአንዴ ላላ። ቀለበቱ የተበየደበት ቦታ ተከፍቶ ነበር። በግራ እጄ ቂጧን ደግፌ ያዝኳት። ጀሪካኑን ለቅቄ በቀኝ እጄ ግድግዳውን ስደገፍ አንጓዬ ዞረ። እሷ ከእንቅልፏ እንኳ አልነቃችም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ወጌሻ ጋ ተመላለስኩ፣ ሦስት ሳምንት ሊጥ ማቡካት አልቻልኩም። ያ ደረጃ አሁንም ሳልፍበት ሆዴን ይቆርጠኛል።

ለማዘያ የሚሆን ቀለበት ብየዳ የለውም። ከአሉሚኒየም ወይም ከናይለን አንድ ወጥ ሆኖ ነው የሚሠራው። ጣትሽን ዙሪያውን አሳልፊበት። መጋጠሚያ ከነካሽ ለመጋረጃ ይሁን። ልብስ ሰፊው «ጠንካራ ነው» ቢልሽም አትስሚው፣ የእኔም እንደዚያ ነበር ያለኝ።

ለሁለተኛዋ ያለ ቀለበት ነው የተጠቀምኩት። ሽሮ ሜዳ ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነ ጥጥ፣ 4 ሜትር ተኩል ርዝመት፣ 70 ሳንቲ ሜትር ስፋት አሠራሁ። ነጠላ ይሳሳል፣ ትከሻ ይቆርጣል። ጋቢ ደግሞ ወፍራም ነው፣ ቋጠሮው አይጠብቅም። ይኼኛው በሁለቱም ትከሻ ላይ ይሄዳል፣ ወገብ ላይ ይታሰራል። ዛሬም አለኝ።

2ኛ፦ አስተሳሰር። ገና ሁለት ወሯ ስለሆነ ጀርባሽ ላይ ሳይሆን ደረትሽ ላይ፣ ቀጥ አድርገሽ። ጎንበስ ስትዪ አናቷን መሳም መቻል አለብሽ። አገጯ ደረቷ ላይ እንዳይጣበቅ፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ትንንሽ ሕፃናት አንገታቸው ወደ ፊት ከታጠፈ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ማልቀስም አይችሉም። የጠዋቱ ንፋስ የእኛን ሰፈር እንዴት እንደሚያደርገው አውቃለሁ፣ ግን ፊቷን በነጠላ አትሸፍኚ። ኮፍያ ይበቃታል።

ዝግጁውን ላልሽው፦ ልጁን ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው እግሩን ቁልቁል የሚያንጠለጥሉት አሉ። እነሱን ተያቸው። ጉልበቷ ከቂጧ ከፍ ብሎ፣ እግሯ እንደ እንቁራሪት ተከፍቶ ነው መቀመጥ ያለባት፣ ለዳሌዋ መገጣጠሚያ። እናቴ ይህን ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች። እኔ ያደግሁበትን አንቀልባ፣ ዛጎሉ ገና ያልረገፈውን፣ ከመንዝ ይዛ መጥታ ሳየው የልጁ እግር የአዛይዋን ወገብ አቅፎ ነው የሚቀመጠው። ልጄ አንገቷ ከጠና በኋላ በእሱ አዘልኳት። ታክሲ ውስጥ ሰው ቢያፈጥብኝም ኮርቼ ነው የሄድኩት።

ደግሞ የሁለት ወር ተኩሉ ክትባት ቀርቦሻል። መርፌው ጭኗ ላይ ነው የሚወጋው፣ ስትመለሺ ጨርቁ እዚያ ቦታ ላይ እንዳይጫናት አላልተሽ እሰሪ።

3ኛ፦ የልደት ምስክር ወረቀት። ይህን አልጠየቅሽኝም፣ ግን ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ ስላለበት ጊዜሽ እያለቀ ነው። እኔ የሄድኩበት ቢሮ፣ ስሙን አልጠራም፣ ጥበቃው በር ላይ አስቆመኝ። «ልጁን ፈትተሽ ግቢ» አለኝ። የት ላስቀምጣት? ወለሉ ላይ? ስለማመጠው ቆይቼ ገባሁ። ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ደግሞ ቀና ብላ ሳታየኝ «እዚህ ገበያ አይደለም፣ ልጅሽን ቤት ትተሽ ነገ ነይ» አለችኝ። የምትጠባ ልጅ ለማን ነው የምተዋት? ይቺ ሠራተኛ ራሷ እናት ናት ወይ ብዬ ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። በማግስቱ ያንኑ ጨርቅ አስሬ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ወረፋ ቆምኩ፣ ልጄ እዚያው ጠባች፣ እዚያው ተኛች፣ ድምፅ አላሰማችም። ወረቀቱን ይዤ ነው የወጣሁት። ስለዚህ አንቺም አትመለሺ። አጥብተሽ ግቢ፣ ዳይፐር ቀይሪላት፣ ሁለቱም እጅሽ ለሰነዱ ነፃ ይሁን።

ቱሉ ዲምቱ ለእኔ ቅርብ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። አስተሳሰሩን መጀመሪያ 5 ኪሎ ጤፍ አስረን እናሳይሻለን፣ ከዚያ ልጅሽን። ለልብስ ሰፊው ብር ሰጥተሽው ከሆነ ግን ዛሬውኑ ደውዪና ቀለበቱን ከየት እንዳመጣው ጠይቂው።